የቪትዟ ሰማያዊ መብራት አልጠፋ አለች

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። ቪትዝ ነው የምነዳው። ሰማያዊዋ የቅዝቃዜ መብራት ጠዋት ትበራለች፤ ይሄ ያለ ነው። አሁን ግን አትጠፋም። ትናንት ደምበጫ ስገባም እንደበራች ነበር። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጭሷ ጠቁሯል፣ ሞቃ አጥፍቼ ላስነሳት ስል ታስቸግረኛለች። ቼክ ኢንጅን የሚባለው የሞተር ብልሽት መብራት አልበራም። አንድ መካኒክ «ቴርሞስታቱ ነው፣ አውጥተን እንጣለው» አለኝ፤ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ማለቱ ነው። እሺ ልበለው? እሁድ እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ አደርሳለሁ። አባይ በረሃን ሳስብ ፈራሁ።

መልስ፦ የፍኖተ ሰላም ኤሌክትሪሺያን
ወንድሜ፣ ቴርሞስታቱን እንዳታስጥል! መጀመሪያ ይለይ። ግማሽ ሰዓት ያህል ንዳትና ሞተሩን አጥፋ። የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ በጥንቃቄ ነካ አድርገው። ለብ ብቻ ካለ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። እጅ የሚያቃጥል ሆኖ መብራቷ ካልጠፋች ግን የሚዋሸው የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩን ቀዝቃዛ ስለሚመስለው ቤንዚን ይጨምራል። ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ነው።

ከዚያ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀልና ሴንሰሩን በቴስተር ለካው። ደህና ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሲሞቅ መውረድ አለበት። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ካገኘህ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ 40 ከዜሮ በታች ያነባል። የሶኬቱን ሁለት ሽቦዎች ስታገናኝ ወደ 140 ከዘለለ ሽቦው ጤነኛ ነው።

መልስ፦ የደጀን ሹፌር
ልጄ፣ እሱ ያለህን አድርግ። እኔ የምፈራልህ ሌላ ነው። ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ነው እያለ የራዲያተሩ ፋን (ማራገቢያ) በሰዓቱ አይነሳም፣ ቀዩም የሙቀት መብራት አያስጠነቅቅህም። ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ሞተሩ ሲፈላ የምታውቀው እንፋሎቱን አይተህ ነው። ያኔ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አብቅቶለታል። እናትህን ይዘህ እንዲህ አትውጣ። በሙቀቱ የራዲያተር ክዳን እንዳትከፍት ደግሞ፣ አደራ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቱቦው እጅ አያስቀምጥም፣ ስካነሩ 31 ዲግሪ ይላል። ሴንሰሩ በትኩሱ 1.7 ኪሎ ኦም አሳየ። ሽቦውን ሳገናኝ ግን ወደ 140 ዘለለ። ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ሰማያዊዋ በጥቂት ደቂቃ ጠፋች። ቆማ ስትሠራ ፋኑ ሲነሳ ሰማሁት፣ ደስ አለኝ። ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ ነው። ጋሼ፣ እሁድ ንጋት 11 ሰዓት እንነሳለን። ደጀን ላይ ቆሜ ውሃውን ከውጭ በማጠራቀሚያው አይቼ ነው የምወርደው።