የጎረቤቴ ውሻ እንቅልፍ ነሳን፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ገርጂ ነው። ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ውሻቸው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ያውም ልክ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ። ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። ሌሊት የሰፈሩ ውሾች ሲጀምሩ ይከተላል፣ እነሱ ዝም ሲሉም አያቆምም። ጨቅላ ልጅ አለችኝ፤ ገና እንቅልፍ ሲወስዳት ትባንናለች።

ጎረቤታችን እማማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከዚህ በፊት ሌባ ገብቶባቸው ስለነበር ውሻውን አስወግዱ ማለት አልችልም። ስወልድ ገንፎ ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። ቀስ ብዬ ሳነሳላቸው «ውሻ ካልጮኸ ምኑን ውሻ ሆነ?» ብለው ወሬውን ዘጉት። ለውሻውም አዝናለሁ። ታስሮ የሚውል እንስሳ ቢጮህ አይገርምም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅን እንደሚከለክል አውቃለሁ። ግን እናቴን በሚያክሉ ሰው ላይ ክስ አልጀምርም።

ውሻው ወደ ውጭ በሩ በኩል እንዲታሰር፣ ሰንሰለቱም እንዲረዝም እንዴት ብዬ ላሳምናቸው? ሽማግሌ ልላክ ወይስ የዕድራችንን ሰብሳቢ ላነጋግር? ወጪውን እኔ እችላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።