ዴቪል ሜይ ክራይ 5 ወይስ ባዮኔታ? እባካችሁ ምረጡልኝ

ሰላም የጌም ሰዎች። ጨንቆኛል። ባህር ዳር ነኝ፣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝቼ የቀረችኝ ብር ለአንድ ዲስክ ብቻ ነው የምትበቃው።

በፈረንጆች 2018 የወጣውን ጎድ ኦፍ ዋር ከጓደኛዬ ተውሼ ጨርሻለሁ። መጥረቢያውን ወርውሮ ወደ እጅ መጥራት ልብ ያርሳል፣ ግን ታሪኩን ካወቅሁት በኋላ እንደገና ለመጀመር እጄ አልሄደም። ጌሙ ውስጥ ጀልባ ላይ ሆኖ ወሬ መስማቱ ደግሞ ለኔ ብርቅ አይደለም፣ ጣና አጠገቤ ነው።

ዴቪል ሜይ ክራይ 5ን ሰፈር ያለ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ሞከርኩት። ኔሮ የሚባለው ገጸ ባህሪ ቀለለኝ። ዳንቴ የሚባለው ሌላው ገጸ ባህሪ ላይ ስደርስ ግን አራቱን ስታይል (የውጊያ ስልት) በውጊያ መሃል እየቀያየርኩ፣ መሣሪያም እየለወጥኩ፣ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ልሠራ ስል ጣቶቼ ተሳሰሩ፤ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሳቁብኝ። ያም ሆኖ 20ዎቹ ሚሽኖች ውጤት ስለሚሰጡ መላልሶ ያጫውታል። ብለዲ ፓላስ የሚባል 101 ፎቅ ውጊያም አለው፣ እሱ ግን በኋላ በአፕዴት የመጣ ስለሆነ ኢንተርኔት ይጠይቃል።

ባዮኔታን በቪዲዮ ብቻ ነው ያየሁት። ምቱ ሊያርፍብህ ሲል ካመለጥክ ጠላት ሁሉ ዝግ ይላል። ይሄ ነገር አማለለኝ።

ሁለቱንም የጨረሳችሁ፣ ለወራት ሳይሰለች የሚቆየው የትኛው ነው? መብራት ድንገት ሲሄድስ ብዙ ወደ ኋላ የማይመልሰው? ዳንቴን የለመዳችሁ ደግሞ በየትኛው ስታይል ልጀምር?