ቋሚ ሥራ ትቼ ለሁለት ድርጅት በፓርት ታይም የፋይናንስ ኃላፊ ልሁን? ሒሳቡን እዩልኝ

ናቲ ከሳሪስ
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

38 ዓመቴ ነው። አንድ የመጠጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ፋይናንስ ማኔጀር ነኝ። ጥቅል ደመወዜ 80,000 ብር ነው። 25,950 ግብር እና 5,600 ጡረታ ተቆርጦ እጄ የሚገባው 48,450 ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት።

ሰሞኑን አንድ የማውቀው የግንባታ ዕቃ አስመጪ ጠራኝ። "ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ያንተ ዓይነት ሰው ለመቅጠር አቅም የለኝም። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣህ የቤቱን ሒሳብ አስተካክልልኝ፣ በወር 25,000 እከፍልሃለሁ" አለኝ። እንደሱ አስመጪ የሆነ ጓደኛውም በዚያው ዋጋ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 50,000 ነው። በሳምንት አራት ቀን ሠርቼ ካሁኑ ደመወዜ ይበልጣል ማለት ነው።

ሊንክድኢን ላይ "ፍራክሽናል ሲኤፍኦ" (ለተለያዩ ድርጅቶች በከፊል ጊዜ የሚሠራ የፋይናንስ ኃላፊ) የሚሉ ፈረንጆች ሲጽፉ እያየሁ ልቤ ተነሳስቷል። እዚህ አገር ያዋጣል? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

እማማ ሌጀር
ወንድሜ ናቲ፣ የሰው ሒሳብ የምትሠራ ሰው የራስህን እንዲህ ትሠራለህ? 48,450 እና 50,000 አይወዳደሩም። የመጀመሪያው ከግብር በኋላ ነው። ሁለተኛው ገና ግብር አልነካውም።

የአሁኑን አሠሪህን ስንት እንደምታስወጣው አስብ። 80,000 ላይ የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር 88,800 ነው። ይህን ለ22 የሥራ ቀን አታካፍለው። ለራስህ ስትሠራ 22 ቀን አትሸጥም። ደንበኛ ፍለጋ አለ፣ ክፍለ ከተማ መመላለስ አለ፣ ልጅ ይታመማል። እኔ 14 ቀን ነው የምይዘው። በቀን ወደ 6,300 ብር ይመጣል። በወር ስምንት ቀን ከሄድክለት 50,000 አካባቢ ነው። ሰውዬው ግማሹን ነው የጠራልህ። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴ ነው፣ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል።

ደግሞ 25,000 ያለው ቫትን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? የቫት ተመዝጋቢ ከሆንክና "ጠቅላላው ይህ ነው" ካለህ፣ ያንተ 21,739 ብር ብቻ ነው።

ዋጋ ግን በድርድር ይስተካከላል። እኔ የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ደንበኞችህ አስመጪ ናቸው። ሁለቱም ሒሳባቸውን ሰኔ 30 ይዘጋሉ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆኑ ሁለቱም እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለባቸው። ቆጠራው፣ የባንክ ማስታረቁ፣ የኦዲተሩ ጥያቄ፣ የጠፋው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ሁሉም ክረምት ላይ ይመጣል። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይደውሉልሃል። ሁለቱም "ቀድሞ የያዝኩህ እኔ ነኝ" ይሉሃል። መጋቢት ላይ ደግሞ ሁለቱም "ለመሆኑ ይሄ ልጅ ምን እየሠራልን ነው?" ብለው ያስባሉ።

ስለዚህ እኔ ደንበኛ ስመርጥ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሒሳብ የሚዘጉበትን ቀን ነው። አሁን ሦስት ቦታ እሠራለሁ። አንዱ መርካቶ ያለ የቆርቆሮ አስመጪ ነው፤ እሱ እንዳንተዎቹ ነው። ሌላው ሆለታ ያለ የአበባ እርሻ ነው። የውጭ ባለቤት ስላለው ሒሳቡን የሚዘጋው በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ነው። ጽጌረዳው በብዛት የሚላከው ለፍቅረኞች ቀን፣ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ነው። አውሮፓ በጋ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያኔ ነው መርካቶ የሚንጫጫው። ሦስተኛው የጥርስ ክሊኒክ ነው። እሱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። የዕለት ገቢውን ከቀጠሮ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው ትልቁ ሥራ። አሰልቺ ነው፣ ግን በሰዓቱ ይከፍላል። አሰልቺ ደንበኛ እወዳለሁ።

አንተም አንዱን አስመጪ ያዝ። ለሁለተኛው ቦታ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ወይም በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ድርጅት ፈልግ።

መጀመሪያ ቀን ስትቀመጡ "ስንት ደብተር አላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። እየሳቅክ ጠይቅ፣ ግን መልሱን ከልብ ስማ። "አንድ ለገቢዎች፣ አንድ ለእኛ" ካሉህ ቡናህን ጠጥተህ ውጣ። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣህ ሌላውን አምስት ቀን የሚሠራውን ነገር ልትቆጣጠር አትችልም። ችግር ሲመጣ ግን የሚጠሩት አንተን ነው። በዚሁ ምክንያት ቼክ ላይ አትፈርም። በንግድ ምዝገባው ላይም ሥራ አስኪያጅ ተብለህ አትግባ። አዘጋጅ፣ አረጋግጥ፣ ምከር፤ የሚፈርመው ባለቤቱ ይሁን።

ክፍያ በወሩ መጀመሪያ ነው። በወሩ መጨረሻ ካልክ ወደ ሚቀጥለው ወር ይንሸራተታል፣ ከዚያ በዓል ይመጣል፣ ከዚያ ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ ይያዛል። ውሉ ላይ በየስድስት ወሩ ዋጋ የሚታይበት አንቀጽ አስገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻግሯል። የዓመት ዋጋ በብር ቆርጦ የተዋዋለ አማካሪ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ገምት።

እና የባለቤቱ ዘመድ ሲሞት ለቅሶ ትሄዳለህ። ለእሱ ኢንቮይስ አይላክም። በዋጋው ውስጥ አስቀድመህ አስበው።

የሕግ ሰው ነኝ
እማማ ካሉት ላይ ጥቂት ልጨምር።

ወንድም ናቲ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መሠረት በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራ ሰው ሠራተኛ አይባልም። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ የሚባል ነገር አትጠብቅ። ግን ወረቀቱ "የምክር አገልግሎት" ይበል እንጂ በየቀኑ በእነሱ ሰዓት ገብተህ፣ በእነሱ ትእዛዝ ብቻ የምትሠራ ከሆነ፣ ክርክር ሲነሳ የሚታየው የግንኙነቱ ይዘት ነው። ውሉ ላይ የምታስረክበው ሥራ ምን እንደሆነ ይጻፍ።

የንግድ ፈቃድና ቲን ሳታወጣ አትጀምር። ቲን ካላቀረብክ ከፋዩ ከክፍያህ ላይ ትልቅ ድርሻ ለግብር ቀንሶ ያስቀራል። ፈቃድ ስታወጣ የሥራ ዘርፉን ተጠንቅቀህ ምረጥ። የሌላውን ሰው ሒሳብ ኦዲት አድርጎ መፈረም የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። አንተ ያዘጋጀኸውን ሒሳብ ደግሞ አንተው ኦዲት ልታደርግ አትችልም። ደንበኛ "በዚያው ፈርምልን" ማለቱ አይቀርም።

ሥራው ከሰፋ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ፈቅዷል። እንደ ድሮው ለስም ያህል የእህትህን ልጅ ሸሪክ ማድረግ አያስፈልግም።

አባ መርካቶ
እኔ ከፋዩ ወገን ነኝ። ጣቃ ጨርቅ ነው የምነግደው። እንደዚህ ዓይነት ሰው በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ይመጣልኛል።

ናቲ ልጄ፣ እኔ ምን እንደምፈልግ ልንገርህ። ከእሱ በፊት አንድ አማካሪ መጥቶ ነበር። ቀለም ያለው ወፍራም ወረቀት አስጠረዘልኝ። "ስትራቴጂ" ይላል በየገጹ። የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ። አሁን ያለው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ገጽ ሰጠኝ። ባንክ ያለኝ ስንት ነው፣ ከማን ስንት እቀበላለሁ፣ እኔ ለማን ስንት አለብኝ፣ የመንግሥት የሆነው ቫት ስንት ነው። ቫቱን ለብቻው ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀመጠው። እኔ ያንን ብር የራሴ እየመሰለኝ ዕቃ እገዛበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ጨምርልኝ ሲል አልተከራከርኩትም።

50,000 ብትለኝ መጀመሪያ እጮሃለሁ። አትደንግጥ። ዝም ብለህ ቁጭ በል።

አበበች ሲልቨር ስፕሪንግ
ሊንክድኢን ላይ የምታነበው እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ነገር ነውና ስለዚህኛው ልንገርህ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ለሁለት ትናንሽ ድርጅቶች በኮንትራክት የሰው ኃይል አስተዳደር እሠራለሁ። 1099 የሚባለውን፣ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጠውን የግብር ቅጽ ነው የሚሰጡኝ። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የአሠሪውንም ድርሻ ራሴ ስለምከፍል 15.3 በመቶ ከመደበኛው ግብር ሌላ ይሄዳል። ግብሩ ዓመት እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ በዓመት አራት ጊዜ እየገመቱ መክፈል ነው። እና እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሥራ የቻልኩት የባለቤቴ መሥሪያ ቤት የጤና ኢንሹራንስ እኔንና ልጆቹን ስለሚሸፍን ነው። ያንን ክፍል ማንም ፖስት አያደርገውም። ያንተ ባለቤት አስተማሪ ናት ብለሃል። የእሷ ደመወዝ የቤት ኪራይና ቀለብ ስንት ወር ይይዛል? እሱን አስላና ከእሷ ጋር ተነጋገር።

ናቲ ከሳሪስ
እትዬ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰውዬውን በሚመጣው ሳምንት አገኘዋለሁ። ቫቱን እጠይቃለሁ፣ ደብተሩንም እጠይቃለሁ። 45,000 ብዬ ልጀምር አስቤያለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ላሁኑ አለቃዬ እንዴት ብዬ ልንገረው? ጥሩ ሰው ነው። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። መጣላት አልፈልግም።

እማማ ሌጀር
45,000 ብለህ ከጀመርክ 35,000 ላይ ትጨርሳለህ። 55,000 በል።

ለምን ትጣላዋለህ? እሱን ደንበኛህ አድርገው። የቤቱን ሒሳብ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲስ ሰው ቢቀጥር ስድስት ወር ያስተምረዋል። "ምክትሌን አሠልጥኜ አስረክባለሁ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሁ የወሩን ሪፖርት አያለሁ፣ ኦዲተሮቹንም እኔ አናግራለሁ" በለው። ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ለእሱም ወጪ ይቀንስለታል። ሒሳቡ ሰኔ ላይ ነው የሚዘጋው ታውቃለህ፤ ስለዚህ ክረምቱን ቀኖቹን ጨምረህ በተለየ ዋጋ ተዋዋለው።

ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው ብለህ ግን አትተማመን። የሕግ ሰዉ ያርመኝ እንጂ አንተ የሥራ መሪ ተብለህ ከአዋጁ ውጭ ልትሆን ትችላለህ። የሚገዛህ ውልህ ነው። አውጥተህ አንብበው፤ በተለይ ሌላ ቦታ መሥራት ይከለክላል ወይ የሚለውን።

የሕግ ሰው ነኝ
ትክክል ነው። የሥራ መሪ ከሆነ ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ናቸው የሚታዩት። ናቲ፣ ከአሁኑ ድርጅት ሳትወጣ ለአስመጪው አንድ ቀንም አትሥራ፣ በጽሑፍ ፈቃድ ካላገኘህ በቀር።

እማማ ሌጀር
የመልቀቂያ ደብዳቤውን ደግሞ ሚያዝያ ላይ ስጠው። ሰኔ ላይ ከሰጠኸው ቆጠራ መሃል ጥለኸው የሄድክ ይመስለዋል። ምክትልህ ጎበዝ ነው? እሱን አልነገርከንም።

ናቲ ከሳሪስ
ምክትሌ ሴት ናት፣ ከእኔ ትበልጣለች። እንዲያውም ደመወዜን ለእሷ ቢሰጧት ደስ ይለኛል።

እማማ ሌጀር
እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ንገራት።