የውጫሌን ውልና የዐድዋን ድል በፕሮጀክተር ማስተማር፦ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

ጠያቂ፦ የአምስተኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ አግኝቷል። እኔም ደስ ብሎኝ ለ62 ተማሪዎቼ ስለ ዐድዋ ድል የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱ። በማግስቱ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ ስጠይቃቸው ግን ስለ ፈረሶቹና ስለ መድፉ ድምፅ ከመናገር በቀር ምክንያቱን ያስረዳኝ አንድም ልጅ አልነበረም። በጠመኔና በሰሌዳ ሳስተምር ቢያንስ ሦስት አራት ልጆች ይመልሱልኝ ስለነበር ነገሩ ከልቤ አሳዝኖኛል። መሣሪያውን መመለስ አልፈልግም፤ እንዴት ብጠቀምበት ይሻላል? መብራት በክፍለ ጊዜው መካከል የሚጠፋበት ቀን እንዳለም አስቡልኝ።

መልስ 1፦ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

መምህር፣ የገጠመዎትን እኔ በተማሪነቴ አይቼዋለሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሰጠን ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ እኛ ብንረዳም ባንረዳም ይቀጥላል። እጃችንን ብናወጣ የሚያየን አልነበረም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ከሦስት ደቂቃ የበለጠ ቪዲዮ ለልጆች አላሳይም፤ እሱንም ቢሆን እያቆምኩ ነው።

ለጥያቄዎ የሚሆን አንድ ትምህርት ላካፍልዎ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከእናንተ በስተሰሜን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ውጫሌ ነው። ለልጆቹ መጀመሪያ የደሴንና የውጫሌን ካርታ አሳያቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ በአውቶቡስ ያለፉባት ከተማ ስለሆነች ወዲያው ይነቃሉ። ቀጥዬ የአንቀጽ 17ን ሐሳብ በሁለት ዓምድ ጽፌ እዘረጋለሁ። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ የጣሊያንኛው ይህንኑ ግዴታ ያደርገዋል። ከዚያ ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ፣ “እናትህ በጎረቤት በኩል መልእክት መላክ ትችላለህ ብትልህና በጎረቤት በኩል ብቻ ትልካለህ ብትልህ ልዩነቱ ምንድን ነው?” እላለሁ። ከዚህ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ማስቆም ነው የሚከብደው። ምኒልክ ውሉን ለምን እንደሻሩት፣ ነገሩም እንዴት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ እንደደረሰ የሚነግሩኝ እነሱው ናቸው። መብራት ቢጠፋም ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ።

መልስ 2፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር

በእህታችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ቪዲዮዎች ብዙውን ጊዜ የፊልም ትዕይንትን፣ አሁን አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የተፈጠረን ሥዕል፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ አስመስለው ያቀርባሉ። ሕፃን ልጅ ይህን መለየት አይችልም፤ መምህሩ ካልነገረው ዕድሜውን ሙሉ እንደ እውነት ይዞት ይኖራል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቪዲዮ 1896 ሲል መጽሐፋችን 1888 ስለሚል ልጆቹ ሁለት ጦርነት የነበረ ይመስላቸዋል።

በእኔ እምነት ለፕሮጀክተር የሚመጥነው አንድ ሥዕል ነው። በአገራችን ባህላዊ አሣሣል የተሠራ የዐድዋ ሥዕል በግድግዳው ሙሉ ዘርጉትና አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ አሳዩ። የኢትዮጵያ ወታደሮች ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው የሚታይ ሆኖ፣ ጠላት ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሠዓሊው ለማን እንዳደላና ይህን በምን እንዳሳየ የተረዳ ልጅ ማስረጃን መመርመር ጀምሯል ማለት ነው። በመጽሐፍ ላይ ባለች ትንሽ ሥዕል ይህን 62 ልጅ ማየት አይችልም።

መልስ 3፦ መምህርት፣ ደሴ

እኔ በመጠኑ እለያለሁ። ስክሪን ከመዘርጋታችሁ በፊት ከተማችሁን ተጠቀሙ። ንጉሥ ሚካኤል ደሃና ሀብታም ሳይለይ ግብር የሚበላበት አድርገው ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ አለ። 62 ልጅ ይዞ መሄድ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በሁለት ቡድን ወስጃቸዋለሁ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሁትም በስልኬ ነው። ፕሮጀክተሩ የጠቀመኝ ከጉብኝቱ በኋላ ነበር፤ ያየነውን መልሰን ስንመለከት በቦታው ያላስተዋሉትን በርና ጣሪያ አስተዋሉ።

ሌላው የድምፅ ቅጂ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በከተማው ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ያን ቀን ከወላጆቻቸው የሰሙ አያቶች አሁንም አሉ። ልጆቹ ሦስት ጥያቄ ጽፈው ሄዱ፣ በቤተሰብ ስልክ ቀድተው መጡ፣ ክፍል ውስጥ በትንሽ ስፒከር ሰማነው። የሁለት አያቶች ወሬ ሳይገጥም ሲቀር የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ራሳቸው መጽሐፍ ጠየቁኝ።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ በሁለቱ ዓምዶች እጀምራለሁ፤ ሥዕሉንም አስከትላለሁ። ለመልስ 3 አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቤታቸው ስልክ የሌለ ልጆች እንዳይሸማቀቁ ምን አደረጉ?

መልስ 3፦

አምስት አምስት አድርጌ መደብኳቸው፤ በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ስልክ የሌለው ልጅ ጠያቂ ይሆናል እንጂ ቀጂ አይሆንም፤ በቅጂው ላይ ጎልቶ የሚሰማውም የጠያቂው ድምፅ ነው።