ሲቀነስ 40 ተማሪ እየወጣብኝ ነው፣ ፈተናው ነገ ነው! ድረሱልኝ

ሆጤ ሰፈር (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡50
ሰላም ቤተሰብ። ነገ ጠዋት የማስተርስ መግቢያ ፈተና (ጋት) አለብኝ፣ ኮፒ ካስደረግኩት የጂማት (የውጭ የቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተና) መለማመጃ ላይ አንድ የሴት (የስብስብ) ጥያቄ እምቢ ብላኛለች። 200 ተማሪዎች አሉ። 110 ሂሳብ፣ 90 ፊዚክስ፣ 80 ኬሚስትሪ ይማራሉ። ሁለት ትምህርት የሚማሩ 50 ናቸው፣ አንዱንም የማይማሩ 10። ሦስቱንም የሚማሩ ስንት ናቸው? ምርጫው 10፣ 20፣ 30፣ 40 ነው። በፎርሙላ ስሠራው ሲቀነስ 40 ይወጣል፣ የመልሱ ገጽ 20 ይላል። ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ስልኬ 18 ፐርሰንት ላይ ነው። ቶሎ በሉ በናታችሁ።

ሸዋ በር፣ 1፡53
የሴት ጥያቄማ እኔንም እምቢ ካለችኝ አራት ዓመቷ ነው። ሃሃሃ

ጦሳ ስር፣ 1፡54
ቬን ዲያግራም ሳል። ሦስት ክብ፣ መሃሉ ላይ ኤክስ። አለቀ።

ፒያሳ ታክሲ፣ 1፡56
ከዜሮ በታች 40 ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገብቷል ማለት ነው፣ እዚያ ፈልገው።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ 2፡01
ወንድሜ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ስብስብ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የምንማረው ምዕራፍ ነው፣ ሁላችሁም ዘላችሁት ስለምታልፉ ነው ዛሬ የምትቸገሩት። ክቦቹን እ.ኤ.አ. በ1880 በጽሑፍ ያቀረባቸው ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ከእሱ በፊት የሂሳብ ሊቁ ኦይለርም በክብ ይሠራ ነበር። ሁለት ስብስብ ስትደምር የጋራው ሁለቴ ስለሚቆጠር አንዴ ትቀንሰዋለህ። ሦስት ሲሆኑ ደግሞ መሃሉ ሦስቴ ይቆጠራል። ሦስቱን ጥንዶች ስትቀንስ መሃሉም ሦስቴ ይቀነስና ጭራሹን ይጠፋል፣ ስለዚህ መልሰህ አንዴ ትደምረዋለህ። ይህንን የተረዳ ሰው ፎርሙላ አይሸመድድም።

ሆጤ ሰፈር፣ 2፡04
እግዜር ይስጥልኝ መምህር (እህት ነኝ ግን)። እሱኑ ነው የሠራሁት! 280 ሲቀነስ 50 ሲደመር ኤክስ ሲደመር 10፣ እኩል ይሆናል 200። ኤክስ ሲቀነስ 40።

ጦሳ ስር፣ 2፡05
ቬን ሳዪ አልኩሽ እኮ።

ቧንቧ ውሃ፣ 2፡08
የመልሱ ገጽ ነው የተሳሳተው፣ መልሱ 40 ነው። ሦስት የሚማር ሰው ሁለትም ይማራል አይደል? ስለዚህ 50ዎቹ ውስጥ ነው ያለው። 280 ስም በ190 ሰው ላይ ተጽፏል፣ 90 ትርፍ። 50ዎቹ ሁለተኛ ትምህርታቸውን ሲወስዱ 40 ይቀራል፣ ያ የሦስተኛ ትምህርት ነው። እነዚህን ከየትም የተቀዱ ወረቀቶች አምናችሁ ትፈተናላችሁ፣ ከዚያ ማልቀስ።

ኮምቦልቻ ፈረቃ፣ 2፡10
ቧንቧ ውሃ ያልከው ጥያቄው እንደተጻፈው ከሆነ ልክ ነው። ግን እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ “ሁለት” ነው የሚለው ወይስ “ሁለት ብቻ”? ቃል በቃል ገልብጪልን።

ሆጤ ሰፈር፣ 2፡12
“በትክክል ሁለት” ይላል። ያው ነው ብዬ ተውኩት። 11 ፐርሰንት!

ቧንቧ ውሃ፣ 2፡13
ኧረ በአላህ! ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትዪም?

የሰኞ ገበያዋ፣ 2፡17
ያው አይደለም የኔ እናት፣ ጣጣው በሙሉ እሷ ቃል ላይ ነው። አብሽሪ፣ በቡና ላስረዳሽ። እኛ ቤት 190 ሰው ቡና ጠጣ እንበል (ምንም ያልጠጡት 10 ሰዎች ከበር ተመልሰዋል)። ሲኒ ሳጥብ 280 ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲኒ ባወጣ 90 ትርፍ ሲኒ ይቀረኛል። ሁለት የጠጣ አንድ ትርፍ አለበት፣ ሦስት የጠጣ ሁለት ትርፍ። ሁለት ብቻ የጠጡት 50 ስለሆኑ 50 ትርፍ ወሰዱ። 40 ቀረ። ያ ሁለት ሁለት ትርፍ ላለባቸው ነው፣ 20 ሰው። በቃ። ወረቀትም አያስፈልግሽ።

የ9ኛ ክፍል መምህር፣ 2፡20
ጥሩ ምሳሌ ነው እትዬ፣ ግን እንከን አለው። አቦል ሳይጠጣ ቶና የሚጠጣ የለም፣ እዚህ ግን ፊዚክስ ብቻ የሚማር አለ።

የሰኞ ገበያዋ፣ 2፡21
መምህር፣ እርስዎ ጎረቤት የለዎትም? ዘግይቶ በቶና የሚደርስ፣ በረካ ላይ ብቻ የሚከሰት ሞልቷል። ሲኒው ሲኒ ነው።

ኮምቦልቻ ፈረቃ፣ 2፡24
የሲኒውን ያዢ። የአንቺ ፎርሙላ ለምን እንደከሸፈ ደግሞ፦ እዚያ ውስጥ የሚቀነሱት ጥንዶች እያንዳንዳቸው መሃሉን ይዘዋል። የሂሳብና የፊዚክስ ጋራ ስትዪ ሦስቱንም የሚማሩት አሉበት፣ በሌሎቹ ሁለት ጥንዶችም እንዲሁ። ስለዚህ የጥንዶቹ ድምር 50 ሳይሆን 50 ሲደመር ሦስት ጊዜ 20፣ ማለትም 110 ነው። 280 ሲቀነስ 110 ሲደመር 20 ሲደመር 10፣ 200 ይመጣል። “በትክክል ሁለት” ካለሽ መሃሉን ሁለት እጥፍ አድርገሽ ቀንሺ እንጂ አትደምሪ።

መናፈሻ፣ 2፡27
ይህ ሁሉ ምን አደከማችሁ፣ ሰንጠረዥ ሥሩ። ረድፍና ዓምድ።

ኮምቦልቻ ፈረቃ፣ 2፡31
ሰንጠረዥ ለሁለት ቡድን ነው፣ ሦስት ላይ ይጥልሻል። ለሁለት ግን ከእሱ የሚሻል የለም፣ በተለይ ፐርሰንት ሲሆን። ለምሳሌ እንደኛ ያለ ፋብሪካ ላይ 60 ፐርሰንቱ ሠራተኛ ሴት ነው፣ ከሴቶቹ 25 ፐርሰንት የማታ ፈረቃ ይገባሉ፣ ከጠቅላላው 40 ፐርሰንት ማታ ነው። ከወንዶቹ ስንት ፐርሰንት ማታ ይገባሉ? 100 ሰው አለ በዪ። ሴት 60፣ ማታ የሚገቡት 15። ማታ በሙሉ 40፣ ስለዚህ ወንድ 25። ወንዶቹ ግን 40 ናቸው፣ 25 ለ40 62.5 ፐርሰንት። እዚህ “ከሴቶቹ 25” እና “ከሠራተኞቹ 25” ያምታታል፣ ከማን እንደሆነ ሳታሰምሪ አትጀምሪ።

ሸዋ በር፣ 2፡33
ወንዶች ማታ መብዛታቸው አሁን ገባኝ፣ ቤት ውስጥ ቡና እጠቡ እንዳይባሉ ነው።

ቧንቧ ውሃ፣ 2፡36
እኔ አሁንም የምለው ይህን በፈተና ዋዜማ መጀመር ልክ አይደለም ነው። ጂማት ራሱ 21 የሂሳብ ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ሦስት ክብ ስትስዪ ያልቃል። ካልመጣልሽ ገምተሽ እለፊ፣ አሁን ደግሞ ተኚ።

ጦሳ ስር፣ 2፡37
ቬን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሰኞ ገበያዋ፣ 2፡50
ልጄ፣ ገባሽ ወይ? ስልኳ ሳይጠፋ አልቀረም።

ኮምቦልቻ ፈረቃ፣ በማግስቱ ቀን 9፡15
እህት ሆጤ፣ እንዴት ሆነ? ከዚህ ዓይነት መጣ?

ሙጋድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። የሲኒው ዘዴ አራት ቡድን ሲሆንም ይሠራል?

ኮምቦልቻ ፈረቃ
ይሠራል። አራት የጠጣ ሦስት ትርፍ አለበት፣ ሌላው ያው ነው።

የሰኞ ገበያዋ
ከበረካ በኋላ ግን እኔ ጀበናውን አጥቤአለሁ፣ አራተኛውን ሌላ ቤት ጠጡ።