በአሴቲክ አሲድ የተሠራ ዩአይኦ-66፦ የገጽ ስፋቱ መጨመሩ የጥራት ምልክት ነውን?

ጥያቄ

ዩአይኦ-66 የተባለውን ሞፍ (የብረት ክላስተሮች በካርቦን ውህዶች ተያይዘው የሚሠሩት ባለ ቀዳዳ ክሪስታል) የምሠራው ዚርኮኒየም ቴትራክሎራይድንና ቴሬፍታሊክ አሲድን በዳይሜቲልፎርማማይድ አሟሙቼ፣ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት በማሞቅ ነው። ምንም ሳልጨምር የማገኘው እጅግ የደቀቀ ዱቄት ሲሆን፣ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታሉ ጨረሩን የሚበትንበትን አቅጣጫ የሚለካው ምርመራ) ጫፎቹም ሰፋፊና ደብዛዛ ናቸው። ለአንድ ሞል ዚርኮኒየም 30 ሞል አሴቲክ አሲድ ስጨምር ግን ጫፎቹ ቀጠኑ፤ በናይትሮጅን የለካሁት የገጽ ስፋትም በግራም 1,450 ካሬ ሜትር ደረሰ። ጉድለት ከሌለው ክሪስታል የሚጠበቀው 1,200 ገደማ በመሆኑ ውጤቱን ማመን አቃተኝ። አሲዱን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

ምላሽ 1

መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። ቴሬፍታሊክ አሲድ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት የዚርኮኒየም ክላስተሮችን (የዚርኮኒየምና የኦክስጅን አቶሞች ቋጠሮዎችን) ያገናኛል፤ አሴቲክ አሲድ ግን አንድ ካርቦክሲል (ከዚርኮኒየም ጋር የሚያያዘው የአሲድ ጫፍ) ብቻ ስላለው ክላስተሩን ይይዛል እንጂ ከሌላው ጋር አያገናኘውም። በዚህ ፉክክር የተነሳ ትስስሩ እየፈረሰ እንደገና ስለሚሠራ ስህተቶች ለመታረም ጊዜ ያገኛሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚፈጠሩት የክሪስታል ዘሮችም ጥቂት ስለሚሆኑ እያንዳንዳቸው ይበልጥ ያድጋሉ። መጠኑ ሲበዛ ግን ተፎካካሪው የያዘውን ቦታ ሳይለቅ ይቀራል፤ አልፎ አልፎም አንድ ሙሉ ክላስተር ከነአገናኞቹ (ከነቴሬፍታሊክ አሲዶቹ) ይጎድላል። የእርስዎ ትርፍ 250 ካሬ ሜትር የመጣው ከዚህ ባዶ ቦታ ይመስለኛል። የቀጠኑት ጫፎች ክሪስታሉ ማደጉን ያሳያሉ፤ ሙሉ መሆኑን ግን አያረጋግጡም።

ናሙናውን በአየር ውስጥ እያሞቁ ክብደቱን ይከታተሉ። በመጨረሻ የሚቀረውን ዚርኮኒየም ኦክሳይድ 100 በመቶ ብለው ሲያሰሉ፣ ውሃው የወጣለትና ጉድለት የሌለበት ዩአይኦ-66 አገናኙ መቃጠል ከመጀመሩ በፊት 220 በመቶ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ አገናኝ ጎድሏል።

ምላሽ 2

በዚህ ላይ የአሲዱን ዓይነት እጨምራለሁ። ፎርሚክ አሲድ ከአሴቲክ፣ ትራይፍሉሮአሴቲክ አሲድ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ በእኩል መጠን ሲጨመሩ ጠንካራው ብዙ ጉድለት ይተዋል። በመዳብ ጨረር ሲለኩ ከ7 ዲግሪ በታች ሰፊ እብጠት ካዩ ክላስተሮች መጉደላቸውን ይጠርጥሩ። ዚርኮኒየም ቴትራክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ክላስተሩ ሲፈጠርም ውሃ ስለሚያስፈልገው፣ የውሃውን መጠን ካልተቆጣጠሩ የአሲዱን ውጤት ለይተው ማወቅ ይቸግርዎታል።

ምላሽ 3

እኔ በኢሚን ትስስር (አሚን ከአልዲሃይድ ጋር ሲጣመር በሚፈጠረው የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስር) በሚሠሩ ኮፎች (እንደ ሞፍ ባለ ቀዳዳ ሆነው ብረት በሌላቸው ክሪስታሎች) ላይ ስለምሠራ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። እዚያ ተፎካካሪው አንድ አሚን ብቻ ያለው አኒሊን ሲሆን፣ በ2018 ለኤክስሬይ ጥናት የሚበቁ ነጠላ ክሪስታሎች የተገኙት በእሱ እርዳታ ነው። ልጨምር ወይስ ልቀንስ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚወስነው የሚፈልጉት አገልግሎት ነው፤ ለካታሊስትነት (ኬሚካላዊ ለውጥን ለማፋጠን) ከሆነ የተጋለጠው ዚርኮኒየም ይጠቅምዎታል፣ ጫና የሚቋቋም ክሪስታል ከፈለጉ ግን አሲዱን ይቀንሱ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። የምፈልገው ለካታሊስትነት ስለሆነ መጠኑን አልቀንስም፤ ነገር ግን በ10፣ በ30 እና በ60 ሞል የተሠሩ ናሙናዎችን የውሃውን መጠን ሳልለውጥ ሠርቼ የሦስቱንም ክብደት እከታተላለሁ።