ጎንደር ውስጥ ለውሻ የሚሆን እርድና ዝንጅብል የት ይገዛ?

እርድና ዝንጅብል ለውሻዬ የት ልግዛ ላልከው፣ የኔ ምርጫ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሥሩን ሳይፈጭ ታገኘዋለህ። ቤት አጥበህ ትፈቀፍቀዋለህ፣ አለቀ።

ወፍጮ ቤት የተፈጨው ርካሽና ምቹ ነው። ለሰው ምንም አይልም። ለውሻ ግን አልመክርም፤ ያው ወፍጮ በርበሬና ሽሮ ሲፈጭ ነው የሚውለው። ሁለቱም ነጭ ሽንኩርት አያጣቸውም። የሱፐርማርኬቱ እሽግ ደህና ነው፣ እርድ ብቻ መሆኑን ጀርባው ላይ ካነበብክ። መከለሻና የወጥ ቅመም የሚል ከሆነ እለፈው።

ስለ ሽንኩርት ነገር ላጥብቅ። ቀዩም ነጩም፣ ባሮውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ዱቄት ቢሆንም ያው ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 150 ግራም ሽንኩርት ቢበላ ሊታመም ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያ ባነሰም ይጎዳል። ችግሩ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል። እኛ አገር ደግሞ ጾም ገብቶ ልኳንዳ ሲዘጋ ለውሻው ሽሮ ፍትፍት ነው የሚደርሰው! በዚያ ሰሞን ሩዝ በእንቁላል ቀቅሎ መስጠት ይሻላል፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለ10 ኪሎ ውሻ እርድ በቀን ከሻይ ማንኪያ ሩብ አይለፍ። ዝንጅብል ከዚያም ያነሰ፤ መኪና ላይ ለሚያስመልሰው ይረዳል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ወይም መድኃኒት ላይ ያለ ውሻ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቅ ሁለቱንም አትጀምር። በሶብላና የጥብስ ቅጠል በትንሹ ችግር የለባቸውም። ጦስኝም እንደዚሁ፤ የሰሜን ተራሮች ጦስኝ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ቁንጥር ይበቃል። ገውዝን ግን ፈጽሞ አታስጠጋው፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ለትል ኮሶ ስጠው የሚልህን አትስማ። የውሻ የትል ኪኒን እንስሳት መድኃኒት ቤት አለ፣ በክብደቱ ልክ ነው የሚሰጠው። የሚመረምርልህ ከፈለግህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለልህ፣ እኔ ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ከልኳንዳ ሳንባ ወይም ጉበት የምትገዛ ከሆነ ደግሞ በደንብ ቀቅለው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካየህበት ጭራሽ አትስጠው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። ያ የትል እጭ ነው፤ ውሻው ከበላው በኋላ በዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ይተላለፋል።